ሁለት ጥንድ ስፒከር ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ለማገናኘት፦ ከኬብሉ እስከ ሴቲንጉ

በቅርቡ የአክስቴ ልጅ ደውሎ «አዲሱ ስፒከር ሞቶ ነው የመጣው» አለኝ። አንድ ጥንድ ስፒከር ጠረጴዛው ላይ ነበረው። ሁለተኛውን ለሳሎን ገዝቶ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ባዶ ያገኘው ጥቁር ቀዳዳ ላይ ሰክቶታል። «ንቀለውና አሮጌው የነበረበት አረንጓዴ ቀዳዳ ላይ ሰካው» አልኩት። ወዲያው ጮኸ። ስፒከሩ ምንም አልሆነም፤ የተሰካበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

ይህ ሥራ በሚገባ ከተዘጋጃችሁ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ሳይዘጋጁ ከገቡበት ግን ሙሉ ቀን ይበላል፣ ገንዘብም ያስወጣል። ስለዚህ ደረጃዎቹን አትዝለሉ። በተለይ አንደኛውንና ሁለተኛውን።

ደረጃ 1፦ የምትፈልጉትን ወስኑ

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን መልሱ፦ ሁለቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲያወጡ ነው የምትፈልጉት ወይስ የተለያየ?

• አንድ ዓይነት ድምፅ ከሆነና ሁለቱም ስፒከሮች በትንሿ 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ የሚሰኩ ከሆነ፣ አንዲት ማከፋፈያ (አንዱን ቀዳዳ ለሁለት የምትከፍል፣ ሱቅ «ስፕሊተር» የሚሏት) ትበቃችኋለች። ሴቲንግ መንካት አያስፈልግም። ከደረጃ 2 እና 3 በኋላ ወደ ደረጃ 4 ትሄዳላችሁ።

• አንድ ዓይነት ድምፅ ሆኖ፣ አንደኛው ስፒከር በጃክ ሌላኛው ደግሞ በዩኤስቢ ወይም በኤችዲኤምአይ የሚመጣ ከሆነ፣ ማከፋፈያ አይሠራም። ደረጃ 6ን ተከተሉ።

• የተለያየ ድምፅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሳሎን ፊልም እየተከፈተ እናንተ ጠረጴዛው ላይ ስብሰባ የምትከታተሉ ከሆነ፣ ደረጃ 7 የእናንተ ነው።

የአክስቴ ልጅ የፈለገው የመጀመሪያውን ነበር። የሞከረው ግን ሁለቱን በተለያየ ቀዳዳ መሰካት ነው።

ደረጃ 2፦ ስፒከራችሁን ለዩ

ስፒከሩን አዙራችሁ ጀርባውን እዩ። የራሱ የመብራት ገመድ ወይም የዩኤስቢ ገመድ ካለውና ቮልዩም የሚጨምር ቁልፍ ካለው፣ ማጉያው በውስጡ ነው። ከኮምፒውተር ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ስለነዚህ ነው።

ከጀርባው ሁለት የሽቦ መቆንጠጫ ብቻ ካለው፣ ቀይና ጥቁር፣ የመብራት ገመድም ከሌለው፣ እሱ ከአሮጌ ዴክ ወይም ቴፕ የወጣ ዓይነት ነው። በራሱ ድምፅ አያወጣም። አምፕሊፋየር፣ ማለትም ከውጭ የሚገናኝ ማጉያ፣ ይፈልጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የዴክ ስፒከር ሽቦ ልጣችሁ ከጃክ ጋር አታሰሩ። የኮምፒውተሩ መውጫ እንዲህ ያለ ስፒከር እንዲነዳ አልተሠራም። ቢበዛ የትንኝ ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ሲብስ ደግሞ የድምፅ መውጫውን ታቃጥላላችሁ። ሁለት ጥንድ የዴክ ስፒከር በአንድ አምፕሊፋየር ላይ ስታስሩም ተጠንቀቁ። ሁለት ባለ 8 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው) ስፒከሮች አንድ ቦታ ጎን ለጎን ሲታሰሩ ለአምፕሊፋየሩ 4 ኦም ይሆኑበታል። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ የተጻፈው ዝቅተኛ ኦም ከ4 በላይ ከሆነ አታድርጉት። ይሞቃል፣ ሊቃጠልም ይችላል።

ደረጃ 3፦ ትክክለኛዋን ማከፋፈያ ግዙ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ሄዳችሁ «ስፕሊተር» ብትሉ የሚሰጧችሁ ከሦስት ዓይነት አንዱን ነው። ሦስቱም ከሩቅ ሲታዩ መንታ ናቸው። እኔ ራሴ ከአንድ ሱቅ ሁለት ጊዜ የተሳሳተውን ይዤ ተመልሻለሁ። ሻጩን አትመኑ፤ ጃኩን እዩ።

ከብረቱ ላይ ያሉትን ጥቁር (አንዳንዴ ነጭ) ቀለበቶች ቁጠሩ፦

• ሁለት ቀለበት፦ ግራና ቀኝ ለይቶ የሚያስተላልፍ ስቴሪዮ ነው። የምትፈልጉት ይህን ነው። ሁለቱ ቀዳዳዎች ላይ ምልክት የለም፣ ወይም ሁለቱም ላይ የጆሮ ማዳመጫ ምልክት አለ።

• ሦስት ቀለበት፦ ብዙውን ጊዜ ማይክና ማዳመጫ የሚለይ ነው። አንዱ ቀዳዳ ላይ የማይክ ሥዕል አለው። ይህን ከገዛችሁ አንዱ ስፒከር ይሠራል፣ ሌላው ዝም ይላል።

• አንድ ቀለበት፦ ሞኖ ነው። ግራና ቀኝን አይለይም። ተዉት።

ሌላም ወጥመድ አለ። በአንድ በኩል ትንሽ ጃክ፣ በሌላ በኩል ቀይና ነጭ ራስ ያለው ኬብል አለ። ሁለት ጫፍ ስላለው ለሁለት ስፒከር የተሠራ ይመስላል። አይደለም። ነጩ የግራ ድምፅ፣ ቀዩ የቀኝ ድምፅ ነው። ነጩን ለጠረጴዛው፣ ቀዩን ለሳሎኑ ብትሰጡ እያንዳንዱ ቦታ ግማሽ ሙዚቃ ይደርሰዋል። ዘፋኙ እዚህ፣ ጊታሩ እዚያ ሊሆን ይችላል። ይህ ኬብል የሚያገለግለው ለአንድ ጥንድ ስፒከር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ራሶች እዚያው አንድ ስፒከር ጀርባ ይገባሉ።

ሁለተኛው ስፒከር ራቅ ካለ ማራዘሚያ ኬብልም ግዙ። ርቀቱን በግድግዳው ጥግ ጥግ ለኩ። በአየር የሚለካው ሁልጊዜ ያንሳል። በላዩ 1 ሜትር ጨምሩ። ከቻላችሁ ወፈር ያለውን ምረጡ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ኬብል በረጅም ርቀት ላይ የመብራት ድምፅ ይለቅማል።

ደረጃ 4፦ በማከፋፈያ ማገናኘት

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

1. የሁለቱንም ስፒከሮች ቮልዩም ወደ ዜሮ አውርዱ። ከዚያ አጥፏቸው።

2. ማከፋፈያውን ገና አትንኩ። መጀመሪያ የአንደኛውን ስፒከር ጃክ በቀጥታ አረንጓዴው ቀዳዳ ላይ ሰኩ። ላፕቶፕ ከሆነ የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ላይ። ሙዚቃ ክፈቱ። ስፒከሩን አብሩ፣ ቮልዩሙን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ከግራም ከቀኝም እንደሚወጣ አረጋግጡ።

3. እሱን ነቅላችሁ ሁለተኛውን እዚያው ቀዳዳ ላይ ሰኩ። በተመሳሳይ መንገድ ፈትሹ። ማራዘሚያ ካለው ከነማራዘሚያው ፈትሹት።

እነዚህን ሁለት ፍተሻዎች እባካችሁ አትዝለሉ። ሁለቱም ለየብቻ ከሠሩ፣ በኋላ ችግር ቢመጣ ከማከፋፈያው እንደሆነ ታውቃላችሁ። ካልፈተሻችሁ ግን ስፒከሩን፣ ኬብሉን፣ ኮምፒውተሩን፣ ሁሉንም እየተጠራጠራችሁ ትውላላችሁ።

4. ስፒከሮቹን አጥፉ። ማከፋፈያውን አረንጓዴው ቀዳዳ ላይ ሰኩ። «ቀጭ» እስኪል ግፉት። ግማሽ የገባ ጃክ ከአንድ ወገን ብቻ ድምፅ ይሰጣል፣ ወይም ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ያስመስላል።

5. ሁለቱን ስፒከሮች በማከፋፈያው ላይ ሰኩ።

6. ኮምፒውተሩ ላይ «ምን ሰካችሁ?» የሚል መስኮት ብቅ ካለ ስፒከር ወይም «ላይን አውት» የሚለውን ምረጡ።

7. የኮምፒውተሩን ቮልዩም 75 አካባቢ አድርጉትና እዚያው ተዉት። ከዚህ በኋላ ሁለቱን የምታመጣጥኑት በስፒከሮቹ ቁልፍ ነው። መጀመሪያ ራቅ ያለውን፣ ማለትም የሳሎኑን፣ ልክ አድርጉ። ከዚያ የጠረጴዛውን።

«ለሁለት ሲከፈል ድምፁ በግማሽ ይቀንሳል» የሚሉ አሉ። የራሳቸው ማጉያ ላላቸው ስፒከሮች ይህ አያሳስብም። ከኮምፒውተሩ የሚወስዱት በጣም ትንሽ ስለሆነ ልዩነቱን ጆሮ አይለየውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ማከፋፈያዋን ገልብጣችሁ ሁለት ኮምፒውተር ወይም ኮምፒውተርና ስልክ ወደ አንድ ስፒከር ለማስገባት አትጠቀሙባት። ሁለቱ መውጫዎች እርስ በርስ ይገፋፋሉ።

የጥቁሩ ቀዳዳ ጉዳይ

ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያሉት ቀዳዳዎች በቀለም ሥራ ተከፋፍለዋል። አረንጓዴው ዋናው መውጫ ነው። ሮዙ ለማይክ፣ ሰማያዊው ድምፅ ለማስገባት ነው። ጥቁሩ ከጀርባ ለሚቀመጡ ስፒከሮች፣ ብርቱካናማው ለመሃልና ለቤዝ ነው። ኮምፒውተሩ በሁለት ስፒከር ሴቲንግ ላይ እስካለ ድረስ ወደ ጥቁሩ ምንም አይልክም። ባለ አራት ስፒከር አድርጋችሁ ብትቀይሩት እንኳ ተራ ሙዚቃ ሁለት መስመር ብቻ ስላለው፣ «ስፒከር ፊል» የሚለው ካልተመረጠ በስተቀር ከጥቁሩ በኩል ዝምታ ነው። ማከፋፈያ እያለ ይህን ሁሉ መድከም አያስፈልግም።

ደረጃ 5፦ እዝዝዝ የሚል ድምፅ ከመጣ

አንድ ስፒከር ብቻ እያለ ፀጥ ያለ ነበር። ሁለተኛውን ስትጨምሩ ከሥር የማያቋርጥ ጉርምርምታ ጀመረ። ይህ በጣም የተለመደ ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው ሁለቱ ስፒከሮች ከተለያየ ሶኬት መብራት መውሰዳቸው ነው። በድምፅ ኬብሉና በመብራቱ ግራውንድ (ወደ መሬት በሚሄደው መስመር) በኩል ቀለበት ይፈጠራል። የመብራቱ 50 ኸርዝ በዚያ ቀለበት እየዞረ ስፒከሩ ውስጥ ይገባል።

በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉት፦

1. የሁለተኛውን ስፒከር የድምፅ ጃክ ከማከፋፈያው ንቀሉ፤ መብራቱን ግን ተዉት። ጉርምርምታው ከጠፋ ችግሩ ቀለበቱ ነው። ካልጠፋ ስፒከሩ ራሱ ወይም አዳፕተሩ ነው።

2. ኮምፒውተሩን፣ ስክሪኑንና ሁለቱን ስፒከሮች አንድ ዲቫይደር ላይ ሰብስቡ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይገላገላል።

3. ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅላችሁ አዳምጡ። ከጠፋ ምንጩ ቻርጀሩ ነው።

4. የድምፅ ኬብሉ ከመብራት ገመድ ጋር አብሮ ተጠቅልሎ እንደሆነ እዩ። በእኅቴ ቤት 8 ሜትር ኬብል ስዘረጋ እንዲያምር ብዬ ከዲቫይደሩ ገመድ ጋር አንድ ላይ አሰርኩት። ያን ቀን ምሽቱን ሙሉ ሲጮህ አመሸ። ፈትቼ አንድ ክንድ ያህል ሳርቀው ፀጥ አለ። የግድ መሻገር ካለባቸው መስቀልኛ አሻግሯቸው፤ ጎን ለጎን አታስኬዷቸው።

5. ይህ ሁሉ ካልሠራ «ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር» የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። በድምፅ ኬብሉ መሃል ይገባል። ቀለበቱን ይቆርጠዋል፣ ሙዚቃውን ያሳልፋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጉርምርምታውን ለማጥፋት ብላችሁ የሶኬቱን ግራውንድ አትቁረጡ፣ በቴፕም አትሸፍኑ። ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን ዕቃው ውስጥ ሽቦ ቢነካካ 220 ቮልት የሚያገኘው መሬቱን ሳይሆን የእናንተን ወይም የልጃችሁን እጅ ነው። ይህን ምክር የሚሰጥ ሰው ቢያጋጥማችሁ አትስሙት።

በዩኤስቢ መብራት የሚወስዱ ትንንሽ ስፒከሮች ከሆኑ፣ ሁለቱንም አንድ ዩኤስቢ ማባዣ ላይ አትሰኩ። ኃይሉ ያንሳቸዋል፤ ቮልዩም ሲጨመር ይንተፋተፋሉ። አንዱን በስልክ ቻርጀር ላይ አድርጉት። 5 ቮልት ስለሆነ ችግር የለውም።

ደረጃ 6፦ አንዱ በጃክ፣ አንዱ በዩኤስቢ ሲሆን (ዊንዶውስ)

ዊንዶውስ በተለመደው አካሄዱ ድምፅ የሚልከው ወደ አንድ መውጫ ነው። ሁለተኛውን ሲመርጡ የመጀመሪያው ዝም የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ የአንደኛውን ድምፅ ቀድቶ ወደ ሁለተኛው የሚያሳልፍ መንገድ እናበጃለን።

1. ሁለቱንም ስፒከሮች ሰኩ። ለየብቻ እንደሚሠሩ አረጋግጡ።

2. የዊንዶውስ ቁልፍንና «አር»ን አንድ ላይ ተጫኑ። በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ እነዚህን ፊደላት ሳታራርቁ ጻፉ፦ ኤም፣ ኤም፣ ኤስ፣ ዋይ፣ ኤስ፣ ነጥብ፣ ሲ፣ ፒ፣ ኤል። ኢንተር በሉ። በዊንዶውስ 10ም በ11ም ይሠራል።

3. «ፕሌይባክ» በሚለው ገጽ ላይ በጃክ የተሰካውን ስፒከር (ብዙ ጊዜ «ሪልቴክ» የሚል ስም አለው) መርጣችሁ «ሴት ዲፎልት» በሉ፤ ዋናው መውጫ ይሆናል። ዩኤስቢውን ዲፎልት አታድርጉ። የሚቀዳው የሪልቴኩ ድምፅ ብቻ ነው።

4. «ሪከርዲንግ» ወደሚለው ገጽ ሂዱ። ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ሾው ዲሴብልድ ዲቫይስስ» የሚለውን ምረጡ።

5. «ስቴሪዮ ሚክስ» የሚል ብቅ ይላል፤ ድምፁን የሚቀዳው እሱ ነው። ራይት ክሊክ፣ «ኢኔብል»።

6. እንደገና ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ሊስን» የሚለው ገጽ። «ሊስን ቱ ዚስ ዲቫይስ» ላይ ምልክት አድርጉ።

7. ከሥሩ ባለው ዝርዝር ሁለተኛውን ስፒከር፣ ዩኤስቢውን፣ ምረጡ። እዚህ ላይ በስህተት የመጀመሪያውን ከመረጣችሁ ድምፁ ራሱን እየቀዳ ይደጋገማል፣ ያፏጫል። ስለዚህ «አፕላይ» ከማለታችሁ በፊት የስፒከሮቹን ቮልዩም ዝቅ አድርጉ።

ስቴሪዮ ሚክስ ጭራሽ ካልታየ ብዙ ጊዜ የጎደለው ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩን ከድምፅ ክፍሉ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ነው። ዊንዶውስ በራሱ የጫነው ድራይቨር ይህን ላይሰጥ ይችላል። የማዘርቦርዳችሁን ወይም የላፕቶፓችሁን ሞዴል ይዛችሁ ከአምራቹ ገጽ የሪልቴኩን አውርዱ፣ ጫኑ፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። ያም ካልሆነ «ቮይስሚተር» የሚባል ፕሮግራም አለ። እሱን ዲፎልት መውጫ ታደርጉና «ኤ1» ላይ አንዱን፣ «ኤ2» ላይ ሌላውን ስፒከር ትሰጡታላችሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ። በዚህ መንገድ ሁለተኛው ስፒከር ትንሽ ይዘገያል። በተለያየ ክፍል ከሆነ ማንም አያስተውለውም። አንድ ክፍል ውስጥ ከሆነ ግን እንደ ገደል ማሚቶ ይሰማል። ለአንድ ክፍል ማከፋፈያዋ ትሻላለች።

ማክ ለሚጠቀሙ ነገሩ ቀላል ነው። «አፕሊኬሽንስ»፣ ከዚያ «ዩቲሊቲስ» ውስጥ «ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ»ን ክፈቱ። ከታች በግራ ያለውን የመደመር ምልክት ተጭናችሁ «መልቲ አውትፑት ዲቫይስ» ፍጠሩ፣ ሁለቱን ስፒከሮች ምረጡ። ዋና ባልሆነው ላይ «ድሪፍት ኮሬክሽን» የሚለውንም ምልክት አድርጉ፤ አለበለዚያ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ከዚያ ሳውንድ ሴቲንግ ውስጥ ይህንኑ መውጫ ምረጡ። የኪቦርዱ ቮልዩም ቁልፍ መሥራት ያቆማል፤ ብልሽት አይደለም። በስፒከሮቹ ቁልፍ ተጠቀሙ።

ደረጃ 7፦ ለየብቻ የተለያየ ድምፅ

ለዚህ ኮምፒውተሩ ሁለት የድምፅ መውጫ ያስፈልገዋል። በጣም ቀላሉ ትንሿን የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ መግዛት ነው። ፍላሽ ታክላለች፤ ጫፏ ላይ የጃክ ቀዳዳ አላት። ስትሰኳት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ድራይቨር በሴኮንዶች ውስጥ ትታወቃለች።

1. ሁለተኛውን ስፒከር በሳውንድ ካርዷ ላይ ሰኩ።

2. ሁለቱንም ፕሮግራሞች ክፈቱና ድምፅ እንዲያወጡ አድርጉ። ድምፅ ያላወጣ ፕሮግራም ዝርዝሩ ላይ ላይታይ ይችላል።

3. በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሳውንድ፣ «ቮልዩም ሚክሰር»። በዊንዶውስ 10 እዚያው ሳውንድ ውስጥ «አፕ ቮልዩም ኤንድ ዲቫይስ ፕሪፈረንስስ»።

4. ለፊልሙ ፕሮግራም የሳሎኑን፣ ለስብሰባው የጠረጴዛውን መውጫ ስጡ።

ፊልሙም ስብሰባውም በአንድ ብራውዘር ውስጥ በሁለት ታብ ከተከፈቱ አይለያዩም። ሁለት የተለያየ ብራውዘር ተጠቀሙ፤ አንዱን በክሮም፣ ሌላውን በፋየርፎክስ።

ብሉቱዝን በተመለከተ

አንዱ በሽቦ፣ አንዱ በብሉቱዝ ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ አብረው እንዲጮሁ አትሞክሩ። ብሉቱዙ ብዙ ጊዜ ከአንድ አሥረኛ ሴኮንድ በላይ ይዘገያል። ድምፅ በአየር 1 ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ነው የሚፈጅበት። ስለዚህ ብሉቱዙ ከ30 ሜትር በላይ ርቆ እንደቆመ ያህል ነው። ለሌላ ክፍል ይሆናል። ለፊልም ግን ላይሆን ይችላል፤ አፍና ድምፅ ላይገጥሙ ይችላሉ።

ሠርቶ ከቆየ በኋላ ቢበላሽ

• ከዊንዶውስ አፕዴት በኋላ ሁለተኛው ዝም ካለ፦ ስቴሪዮ ሚክስ ተዘግቶ ወይም ዲፎልቱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ደረጃ 6ን ከቁጥር 3 ጀምሩ።

• ማዳመጫ ከፊት ስትሰኩ የኋላዎቹ ከጠፉ፦ ድራይቨሩ ሆን ብሎ ነው የሚዘጋቸው። ማዳመጫውን ንቀሉ፣ ወይም በሪልቴክ ሴቲንግ ውስጥ የፊቱና የኋላው ለየብቻ እንዲሠሩ የሚለውን ምረጡ።

• ጃኩን ስትነካኩ ድምፁ የሚሄድ የሚመጣ ከሆነ፦ ብዙ ጊዜ ኬብሉ ውስጡ ተቆርጦ ነው። ቴፕ አትለጥፉበት፤ ቀይሩት።

• መብራት ሲሄድ፦ ወዲያው የስፒከሮቹን ማብሪያ አጥፉ። ተከፍተው እያሉ መብራት ሲመለስ የሚሰማው ኃይለኛ «ዷ!» ስፒከሩን ሊጎዳ ይችላል። ሲመለስ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አስነሱ፣ በመጨረሻ ስፒከሮቹን አብሩ። ስትዘጉ ደግሞ ስፒከሮቹ ይቅደሙ።